ርዕሰ መምህሩ ብስክሌት ሲማሩ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ሲመሩ የኖሩ አንድ ሰው በሐዋሳ ከተማ ነበሩ። ስማቸው አቶ ወንዳፍራሽ ነው። በሥራ ዘመናቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ ተማሪው ድምፁን ይቀንሳል፤ መምህራኑም ሳይቀሩ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን የሚፈራቸውም፣ የሚጠብቃቸውም ሰው አልነበረም። ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታም እዚያው ናቸው። ጉልበታቸው እየተሳሰረ ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች፣ «ኧረ ተነስተህ ተንቀሳቀስ፤ ከወንበሩ ጋር ልትጣበቅ ነው እኮ» ቢሏቸውም የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

እሑድ እሑድ ጠዋት በቤታቸው ፊት ለፊት የብስክሌተኞች ቡድን ያልፋል። ወንድም ሴትም ያሉበት፣ ሩቅ አገር ድረስ እየተጨዋወቱ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። አቶ ወንዳፍራሽ ቡድኑ ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በልጅነታቸው ብስክሌት የመንዳት ዕድል አላገኙም፤ ከዚያ አስተማሪ ሆኑ፣ ርዕሰ መምህር ሆኑ፣ ነገሩ እንደተረሳ ቀረ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ግን ማንንም ሳያማክሩ ሄደው አንድ ብስክሌት ገዙ።

ገዙና ደበቁት። ጎህ ሲቀድ የግቢውን በር ቆልፈው በአጥሩና በጎመኑ መደብ መካከል ይለማመዱ ጀመር። ግቢው ከአሥራ አምስት እርምጃ አይበልጥም። ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ሲረግጡ አጥሩ ይደርሳል፤ መሪውን ሲያዞሩ ጎመኑ ላይ ይወድቃሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎመኑ አለቀ፤ ብስክሌቱ ግን አልተለመደም። ወይዘሮ አየለች በመስኮት እያዩ ከሳቃቸው ብዛት እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

አንድ ቀን ለሰፈሩ ሱቆች በብስክሌት ዳቦ የምታከፋፍል ጥሩወርቅ የምትባል ሴት በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች።

«ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ውስጥማ አይለመድም» አለቻቸው። «ብስክሌት የሚቆመው ሲሄድ ነው። አስፋልት ላይ ይውጡ፤ እኔ አለማምድዎታለሁ።»

«አስፋልት ላይ? ሰው ያየኛል!» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ደንግጠው።

«ቢያይዎትስ! እኔን ሰሌዳ ፊት አቁመው ሒሳብ ሲያሠሩኝ ሃምሳ ልጅ ያየኝ አልነበር? ‹አይዞሽ ተሳሳቺ፤ ካልተሳሳትሽ ምኑን አስተምርሻለሁ› ይሉኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?»

አቶ ወንዳፍራሽ ለስንቱ ልጅ ሲናገሩት የኖሩትን ቃል አንድም ቀን ለራሳቸው ብለውት አያውቁም ነበር። በማግስቱ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ወጡ።

ባጃጅ ተራው ጋ ሲደርሱ ወደቁ። ያውም ሰው በሞላበት ሰዓት። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ አንዱ እየሳቀም ቢሆን ሮጦ መጥቶ፣ «ዳይሬክተር፣ ደህና ነዎት?» ብሎ አነሳቸው። ሱሪያቸው ከጉልበቱ ላይ ተቀዷል። አቶ ወንዳፍራሽ አቧራቸውን እያራገፉ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ያን ያህል የፈሩት ነገር ይኸው ደረሰ፤ ሰማዩም እንዳለ ነው፣ እሳቸውም እንዳሉ ናቸው። ሳቃቸው መጣ። በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ነው ይላሉ የሚያውቋቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ጥሩወርቅ ዳቦዋን አድርሳ ስትመለስ እየተከተለች፣ «ፍሬኑን በአንዴ አይያዙት፤ ዓይንዎን ከጎማው አንስተው ወደ ፊት ይመልከቱ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እሺ፣ የኔ መምህር» ይላሉ። መጀመሪያ ከከተማው መውጫ እስካለው እስከ ጥቁር ውኃ፣ ከወራት በኋላ እስከ ሻሸመኔ ነዱ። ዓመት ሳይሞላ ያንን የእሑድ ቡድን ተቀላቀሉ።

ቡድኑም ከሐዋሳ እስከ ዝዋይ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊነዳ ቀን ቆረጠ። አቶ ወንዳፍራሽ እንሄዳለን ካሉት ሃያ ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ጠዋት ጎን ለጎን ወጡ። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ጥለዋቸው ሄዱ፤ እሳቸው ወርደው ብስክሌቱን ገፉ። ከአርሲ ነገሌ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ታች ተዘረጋ። ነፋሱ ጃኬታቸውን እንደ ጆንያ ነፋው። ልጆች ሲጮኹ ይቆጡ የነበሩት ሰው «እሰይ!» ብለው ጮኹ፤ ሜዳው ሁሉ የሰማቸው መሰላቸው።

ቡልቡላ ሲደርሱ ደግሞ የከሰዓቱ ነፋስ ከፊት መጣ። ፔዳሉን ቢረግጡትም ብስክሌቱ የቆመ ያህል ሆነ። እግራቸው ተሸማቀቀና ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጡ። ሊተዉት ነበር። በዚያ ሰዓት ገለባ ቆልሎ የጫነ የፈረስ ጋሪ መጣ።

«አባባ፣ ከየት ነው?» አላቸው ባለጋሪው።

«ከሐዋሳ።»

«በዚህ? ምነው፣ መኪና ጠፍቶ ነው?»

«የለም፣ ደስ ብሎኝ ነው።»

ባለጋሪው ትክ ብሎ አያቸውና ሳቀ። «እንኪያስ ይጫኑት፤ ላድርስዎ» አለ።

አቶ ወንዳፍራሽ ገለባውን ቀና ብለው አዩት። «መጫኑስ ይቅር። ከኋላህ ብነዳ ግን ይህ ገለባ ነፋሱን አይከልልልኝም?»

«ይከልላል እንጂ! ይከተሉኝ።»

እናም ርዕሰ መምህሩ የፈረሱን እርምጃ እየጠበቁ፣ ፊታቸው ላይ ገለባ እየበነነ፣ ከጋሪው ኋላ ኋላ ነዱ። ባለጋሪው በየመሐሉ ዞር እያለ «አሉ?» ይላል፤ እሳቸውም «አለሁ!» ይላሉ። ባለጋሪው ወደ መንደሩ ሲታጠፍ ነፋሱም በርዶ ነበር። አመስግነው የቀረውን ብቻቸውን ጨረሱት።

ዝዋይ ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጓደኞቻቸው በልተው፣ ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ተቀምጠዋል። ሲያዩአቸው ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። በአውቶቡስ ቀድመው የመጡት ወይዘሮ አየለች ፀጉራቸው ላይ የቀረውን ገለባ እየለቀሙ ጠየቋቸው።

«ለመሆኑ ስንተኛ ወጣህ?»

«ሃያ ሦስተኛ።»

«ከስንት ሰው?»

«ከሃያ ሦስት!» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ፣ አንደኛ የወጣ ልጅ በሚናገርበት ድምፅ። ባልና ሚስት እስኪደክማቸው ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ ከብዙ ነገር የሚያስቀረን ዕድሜ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚይዘን ስናውቅ እንጂ ስንማር መታየት አለመፈለጋችን ነው። በሰው ፊት ለመውደቅ፣ ከትንሹም ከትልቁም ለመማር፣ የመጨረሻ ሆኖም ለመድረስ የፈቀደ ሰው መንገዱ አያልቅበትም፤ ደስታውም እንደዚያው።

እናንተስ፣ ጀማሪ መሆን አሳፍሯችሁ እስከ ዛሬ ያቆያችሁት ነገር ምን ይሆን?