ሥራ ፈቱ ጨፌ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ እማዋይሽ፣ አታቋርጪኝ! «አማቴ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ ወደ ታላቁ ልጃቸው ብንሸኛቸውስ ጋሼ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? የጠየቀ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ሰውየው ገበሬ ነው። ደጋው ላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት ቦታ ሰፊ ጨፌ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የቋጠረ፣ ቄጠማ የሞላው፣ እግር የሚያሰምጥ። ከታች ደግሞ ወንዙን ጠልፎ ሽንኩርት ያለማል። ልጆቹን የሚያበላው ይኸው ሽንኩርት ነው። ጨፌውን ባየ ቁጥር ግን ደሙ ይፈላል። «ይሄ ሰነፍ! አይታረስ፣ አይዘራበት፣ እንዲያው ተኝቶ ይውላል!»

አንድ በጋ ዶማውን አነሳና መሃል ለመሃል ቦይ ቀደደለት። ውሃው ሹልክ ብሎ ወረደ። ጨፌው ሲደርቅ ገብስ ዘራበት።

ክረምት ገባ። የተራራው ዝናብ ማረፊያ አጣና በቦዩ ተንደርድሮ የሽንኩርቱን ማሳ አጥር ጠርጎ ሄደ። ሰውየው ገብሱ ስላማረለት «ምን ቸገረኝ!» አለ። ገብሱንም አጨደ። የካቲት ላይ ግን ወንዙ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሽንኩርቱ ቆሞ ደረቀ።

«ዘንድሮ ይሄን ወንዝ ምን ነካው?» አለ።

ሚስቱ ሳቀችበት። «ውሃውን ሁሉ በነሐሴ ሸኝተኸው፣ በየካቲት ከየት ይምጣልህ?»

ሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ዶማውን ይዞ ወጣና፣ የገብሱ ነገር እየቆጨው፣ የቀደደውን ቦይ በድንጋይና በጭቃ ደፈነው።

በክረምቱ ጨፌው ጠጣ፣ ጠጣ፣ አልጠግብ አለ። ቄጠማውም ብቅ አለ። መጋቢት ላይ ሰውየው ወርዶ ቢያይ ወንዙ ቀጥኗል፤ ግን ይሄዳል። ጫማውን አውልቆ ገባበት፣ እየሳቀ።

አየሽ እማዋይሽ፣ አማትሽም እንደዚያ ናቸው። ባልሽ ከገበያ ተናዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው፤ አንቺ ጋ ሲደርስ በርዶልሻል። አንቺስ በቀደም ከእህትሽ ተጣልተሽ የማን ጭን ላይ ነው ያለቀስሽው? እሳቸውን ሸኚያቸውና ጎርፉን ትችይው እንደሆነ እናያለን! ጨፌ ማለቴን እንዳትነግሪያቸው ብቻ፤ ምርኩዛቸው ረጅም ነው። ይልቅ ሂጂ፣ ፀሐዩ ሳይዞርባቸው መቀመጫቸውን ወደ ጥላው አዙሪላቸው።