የዘርጋው አቡነ ዘበሰማያት

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ዘመኑን በቍጥር የሚያውቀው የለም። ብቻ በዚህ አገር ከሰው ይልቅ ጥዱ የሚበዛበት፣ ንጉሡም በስም እንጂ በዓይን የማይታወቁበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛው በጥድ አፋፍ ዘርጋው የሚባል ሸማኔ ነበር።

ጎጆው ዝቅ ያለች፣ ርስቱም ጠባብ ነበረች። ፊደል አልቆጠረም። ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን እዚያ ከትቶ፣ ከበግ ጠጕር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ይሠራ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከጉድጓዱ አፍ ይቆማል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ፈታ፣ የማን በቅሎ እንደ ጠፋች ቀድሞ የሚሰማው ዘርጋው ነው። ወሬም ይወድ ነበር፤ አንዋሽም።

አንድ እሑድ አስቀድሶ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆም አለና ምን እንደ ተነበበ ራሱን ጠየቀ። አንድ ቃል አላስታወሰም። ቅዳሴው እስኪያልቅ በልቡ የጠፋችውን በቅሎ ሲፈልግ ኖሯል። ደነገጠ። ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ሣህሉ ሄደ።

«አባ፣ እግሬ ከቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ ልቤ ግን ገበያ ውሎ ይገባል። ዳዊት ያስተምሩኝ፤ ምናልባት ቢረጋልኝ» አላቸው።

«ዳዊቱ ይቆየን» አሉት አባ ሣህሉ። «አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ልብህ ሳይወጣ አድርስ። ከወጣብህ ከመጀመሪያው ጀምር። የጨረስህ ዕለት ና።»

ዘርጋው «ይህችማ እስከ ማታም አትቆይ» ብሎ እየሳቀ ወረደ። ሰባት ዓመት ቆየች።

መጀመሪያ መንገዱ ፈተነው። ይጀምራል፤ ሰው ይጠራዋል። ይጀምራል፤ ሰው ይጠራዋል። ተናደደና ከጎጆው ጀርባ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረ። ወዳጆቹ «ዘርጋው ኮራ» ብለው አሙት። እዚያ ማንም አልጠራውም፤ ልቡ ግን ብቻውን ሆኖ የባሰ አወራ። «ለካ ገበያው ከእኔው ውስጥ ነው» አለ። ወደ መንገዱ ዳር ተመለሰ። ሰላም ላለው ሰላም ይመልሳል፤ የተቸገረውን ይሰማል፤ ወሬውን ግን ያሳልፈዋል። መወርወሪያውን ሲሰድ አንድ ቃል፣ ሲመልስ አንድ ቃል እያለ ከጸሎቱ እኩሌታ ደረሰ።

ቀጥሎ ቂም ፈተነው። የአጎቱ ልጅ አስፋቸው የርስቱን ድንበር ገፋበት፤ ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዘርጋው «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከምትለው ሲደርስ ልቡ ብድግ ይልና አስፋቸው ደጅ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ይጀምራል። እዚያው ሲደርስ ይሄዳል። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ያቺን ቃል አላለፋትም። በመጨረሻ የሠራውን አንድ ባና ታቅፎ አስፋቸው ቤት ገባ።

«ድንበሩን ዳኛ ይፍረደው» አለው። «ቂሙን ግን ትቼልሃለሁ። ጸሎቴን ዘግቶብኛል።»

አስፋቸው ባናውን ተቀብሎ አንገቱን ደፋ። ለዘርጋው ተፈረደ የሚሉ አሉ፤ ለአስፋቸው ተፈረደ የሚሉም አሉ። አባቶቻችን ፍርዱን ረስተውታል፤ ባናውን ግን አልረሱትም።

በመጨረሻ ክብር መጣ። የሸማኔው ነገር ከአገሩ ገዥ ጆሮ ደረሰ። ገዥው ሊያዩት አጀብ አስከትለው መጡ። ዘርጋው ጸሎቱን ጀምሯል። አሽከሩ «ተነሥ፣ ጌታ ቆመዋል» አለው። ዘርጋው ቀና አላለም። አሽከሩ አለንጋውን አነሣ። አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ፤ ሄደ፣ ተመለሰ። ገዥው የአሽከሩን እጅ ያዙና ከበቅሏቸው ወረዱ። በእግራቸው ቆመው ጠበቁት።

ዘርጋው «አሜን» ብሎ ወጣና ግንባሩን መሬት አስነካ።

«ከግቢዬ ግባ፤ ካባ አለብስሃለሁ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዴ ይበቃኛል» አላቸው።

ያን ዕለት መንደሩ እልል ሲል ዘርጋው ወደ አባ ሣህሉ ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አባ፣ አሜን እስክል ልቤ አልወጣም ነበር። አሜን ብዬ ቀና ስል ግን ጌታው ከበቅሎ ወርደው፣ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ አየሁና ደስ አለኝ። አልሆነችም፤ እንደገና ልጀምራት።»

አባ ሣህሉ ዕንባቸው በጢማቸው ወረደ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥተው ጉልበቱ ላይ አኖሩለት። ዘርጋው ሽበቱን ይዞ ፊደል ቆጠረ፤ ሳይሞትም መቶ ኀምሳውን መዝሙር ደገመ።

ስለዚህ ነው በጥድ አፋፍ ሸማኔ ማለዳ መወርወሪያውን ሲያነሣ መንገደኛ የሚቆመው። እግረኛ ሸክሙን ያወርዳል፤ ባለ በቅሎ ይወርዳል። አንዲት አቡነ ዘበሰማያት እስክትደርስ ማንም ማንንም አይጠራም። የሌላ አገር ሰው ገርሞት «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የእኛ ሰው ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ይላል፦ «የሞተ የለም። ሸማኔያችን ከጌታው ጋር ነው።»