ሽማግሌ የጫነችው የኤሌክትሪክ መኪና

ኮተቤ ውስጥ፣ ትልቅ ጉዳይ ይዞ ሰው ቤት ገብቶ ቃሉን በትንሽ ነገር ላይ የሚያባክን ሰው ሲገኝ ጣል የሚደረግ አንድ አባባል አለ። የሰፈሩ ልጆች ከጥንት አባቶች የወረደ ይመስላቸዋል። ምኑ ወርዶ! ባለ ታሪኩ ጌጡ ዛሬም በሕይወት አለ፤ አባባሉ በተነሳ ቁጥርም የሚጠጣውን አስቀምጦ ይወጣል። እውነቱን ነው፤ ነገሩ ሠርግ ሊያስቀር ምንም አልቀረውም ነበር።

ጌጡ የሟች ወንድሙን ልጅ ዳግማዊን እንደ አባት ሆኖ ያሳደገ ሰው ነው። ዳግማዊ መቅደላዊት የምትባል የመንዝ ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ አቶ ጥላዬ በወጉ መሠረት "ከዘመድ ልማከር" ብለው ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሌላም ጠያቂ እንዳለ፣ የእነዚያም ሽማግሌዎች በሳምንቱ እንደሚመጡ አልደበቁም። ስለዚህ ዳግማዊ ያቺን ቅዳሜ ሲጠብቅ እንቅልፍ አጥቶ ከረመ።

ጌጡ ለብዙ ዓመት ያገለገለችው ሃይብሪድ መኪና ነበረችው። ከተማ ውስጥ በባትሪ፣ አገር አቋራጭ ላይ በቤንዚን እየሄደች አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላው አታውቅም። ግን የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾታል፤ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩም አይቶ ቀንቷል። ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደላላ ጠርቶ፣ ያቺን ሰጥቶ፣ ከላይ ጨምሮበት፣ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ግቢው ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ እንግዳወርቅ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩአት።

"ቆንጆ ናት። መንዝ ላይ ምን ትበላለች?"

"ጠግባ ነው የምትነሳው ጋሼ።"

"ያችኛዋስ ምን አጠፋች? ሁለት ሆድ ነበራት።"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም! ደግሞስ ሽማግሌ በአሮጌ መኪና ጭኜ ልሂድ? ምን ይሉናል?"

"እኛስ አሮጌ አይደለንም እንዴ" ብለው አቶ እንግዳወርቅ ገቡ።

ሻጩ ስለ መኪናዋ የነገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ለሜዳ፣ ለሞቃት አገር፣ ለአንድ ሰው። ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው፣ ዳገቱና የደጋው ብርድ ግን ሂሳብ ውስጥ አልገቡም። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ አቶ እንግዳወርቅ "እዚህ አጉርሳት" ቢሉት "ትበቃናለች" ብሎ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ከመንገዱ ይልቅ የባትሪውን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር ሲያይ ነው የሄደው። መጨረሻ ላይ ማሞቂያውን አጠፋው፤ ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ደረሱ።

አቶ ጥላዬ ግቢ በግ ታርዷል፤ ከጓዳ የወጥ ሽታ ይመጣል። እምቢ ሊል ያሰበ ሰው በግ አያርድም፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው ተጠቃቀሱ። ጌጡ ያየው ግን በረንዳው ላይ ያለውን ሶኬት ነው። በር ላይ የቆመ ጎረቤት "ዛሬ መብራት ገና አልጠፋም፤ ሳይወስዱት አይቀሩም" ሲለው ልቡ ተሰቀለ።

መልስ ያላገኘ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎን በር ላይ ቆሙ።

"አረፍ በሉ እንጂ" አሉ አቶ ጥላዬ።

"የመጣንበት ሳይሰማ አናርፍም" ብለው አቶ እንግዳወርቅ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ጌጡ ከኋላቸው ብቅ አለ።

"ጋሽ ጥላዬ፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መኪናዬ ባትሪ ጨርሳለች፤ ሳይጠፋ ከመብራትዎ ትንሽ ብሰካላት?"

አቶ እንግዳወርቅ ክንዱን ቆነጠጡት። ምን ዋጋ አለው፤ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል።

"እሺ" አሉ አቶ ጥላዬ ቀስ ብለው። "መብራት ምን ችግር አለው።"

ጌጡ ሮጦ ሰካ። ወዲያው ቤቱ ጨለመ፤ ከጓዳም የሴት ድምፅ "ኧረ ምድጃው ጠፋ! ወጡ ሳይበስል!" ሲል ተሰማ። ቆጣሪው ሁለቱን አልችል አለ። እንግዳ አይከለከልምና ምድጃው ተነቀለ፤ መኪናዋ ተሰክታ ቀረች።

አቶ እንግዳወርቅ ያን ሁሉ ችለው፣ መርቀውና አክብረው፣ ልጅቱን ለዳግማዊ ለመኑ። አቶ ጥላዬ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"ሽማግሌ ደጄ ሲቆም የምሰጠው አንድ ቃል ነው" አሉ ሲጨርሱ። "የዛሬውን ሰጥቻለሁ። መብራት ለመናችሁኝ፣ እሺ አልኩ። ለልጄ ሌላ ቀን ኑ።"

"ኧረ ጥላዬ! ልጁ ምን አጠፋ?"

"ልጁማ ምንም። የመጣበትን ሳይናገር የሚመለስበትን ያሰበ አሳዳጊው ግን አሳሰበኝ። ነገ ልጄ ብትታመም ማንን ያስቀድማል? እነዚያን በሳምንቱ ልስማቸውና ከዚያ ወዲያ እንነጋገራለን።"

ጌጡ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ቢከፍት፣ አቶ እንግዳወርቅ "አንተ ዛሬ ተናግረሃል" ብለው ዝም አሰኙት።

የባሰው ደግሞ ተነስተው መሄድም አለመቻላቸው ነው። መኪናዋ በቤት ሶኬት ቀስ እያለች ስትሞላ አደረች። ወጡ በከሰል በስሎ ቢቀርብም ሽማግሌዎቹ መልስ አላገኙምና አልነኩትም። ከእንግዶቹ መካከል ጠግባ ያደረች እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ኮተቤ ሲደርሱ ዳግማዊ በር ላይ ቆሟል። ሌሊቱን ሙሉ ቢደውልም ጌጡ ስልኩን አላነሳም ነበር።

"ጋሼ፣ እሺ አሉ?"

ጌጡ መሪውን እንደያዘ ቀረ። አቶ እንግዳወርቅ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ረሃብ ባደከመው ጉልበት ወረዱ።

"እሺስ ብለውናል ልጄ" አሉ። የዳግማዊ ፊት በራ፤ ሊስማቸውም ጎንበስ አለ። እሳቸው ግን ትከሻውን ይዘው፣ ወደ ነጯ መኪና በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "አጎትህ ልጅ ሊለምን ሄዶ መብራት ለምኖ መጣ" አሉት።