ቀይ ቀበሮዎቹና አፉ የታሰረው ውሻ

አንዲት ሴት ነበረች። ቤቷ ከመንደሩ ዳር፣ የጓሳው ሳር ከሚጀምርበት፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ደጋ ላይ ነው። ባሏ ሞቷል። ልጆቿ አድገው አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዷ ናዝሬት ገብተዋል። ስልክ ይደውላሉ፤ አይረሷትም። ግን ልጆቼ፣ ስልክ እሳት ያነዳል? ስልክ ውሃ ያቀብላል?

የቀራት አንድ ውሻ ነበር፤ መከታ ትለዋለች። ኮቴ ሲሰማ የሚጮኸው እሱ፣ ከቤት ስትወጣ የሚከተላት እሱ፣ ስታወራ ጆሮውን የሚያቆምላት እሱ።

ከሩቅ የምታያቸው ጎረቤቶችም ነበሯት። ከቤቷ በላይ፣ ከጉብታው ላይ፣ የቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ቀይ ቀበሮ ስላችሁ በግ የሚሰርቀውን እንዳታስቡ። ይኼኛው እግረ ረጅም፣ ፀጉሩ እንደ ፍም የቀላ፣ ጉሮሮው የነጣ፣ ከእኛ አገር ደጋ በቀር በዓለም የትም የሌለ ፍጥረት ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ሲነጋ ይበታተናሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሄዶ ከጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ይውላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሁሉም ከጉብታው ይመለሳሉ። ይተሻሻሉ፤ አፍ ለአፍ ይነካካሉ፤ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ የተቀበሉ ይመስላሉ።

ሴትዮዋ ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። «እናንተስ ማታ ትገናኛላችሁ» ትላቸው ነበር።

አንድ ቀን በመንደሩ ተለፈፈ። ውሻ ያለው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ያምጣ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጥቷል ተባለ። ሰዉ ደግሞ ሌላ ወሬ ነበረው። የተወጋ ውሻ ይፈዛል፤ ድምፁ ይጠፋል፤ ሌባ አናቱ ላይ ቢቆም አይጮህም። ብቻዋን የምታድር ሴት ይህን ስትሰማ ምን ይሰማታል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

እታለማሁ የምትባል ጎረቤቷ ውሻዋን በገመድ እየጎተተች በደጇ አለፈች።

«እትዬ ዘርፌ፣ መከታን አያመጡትም እንዴ?»

«ጠፍቶብኛል እኮ። ትናንት እንደወጣ አልተመለሰም።»

«ሴት ተከትሎ ነዋ። እሱም እንደ ወንዶቹ ሆነ።»

«ይሆናል።»

«ከመጣ ይዘውት ይምጡ። መርፌዋ እንደ ቁንጫ ንክሻ ናት አሉ።»

«እሺ። ሂጂ አይርፈድብሽ።»

መከታ በዚያ ሰዓት ጓዳ ውስጥ፣ ከምሰሶው ታስሮ ነበር። እንዳይጮህ አፉን በመቀነቷ ጠቅልላዋለች። ልብ በሉ ልጆቼ። ድምፁ እንዳይጠፋ ብላ አፉን አሰረችው። ክፋት ነው? አይደለም። ፍቅር ነው? ፍርሃት የፍቅርን ነጠላ ሲለብስ ማን ይለየዋል?

ክረምቱ ሲወጣ መከታ ከወንዙ ማዶ የመጣ ውሻ ነክሶት ተመለሰ። ቁስሉን አጠበችለት፤ ለማንም አልተናገረችም። ከርሞ ከርሞ ውሃ እምቢ አለ። ዓይኑ ተለወጠ። አንድ ረፋድ ገመዱን በጥሶ፣ ስሙን ብትጠራው ዞር እንኳ ሳይል፣ ለሃጩን እያዝረከረከ ወደ ጉብታው ሮጠ። ቀበሮዎቹ ግልገሎቻቸውን ሊከላከሉ ተነሡ። አንዱን ነከሰው። የመንደሩ ወንዶች ደርሰው ውሻውን ገደሉት።

ሴትዮዋን አልነካትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ግን ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ነገ አትበሉ። ይህን ሳልላችሁ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የተነከሰው ቀበሮስ ምን አደረገ? ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። የት ይሂድ? እንደ ልማዳቸው ተሰበሰቡ፤ እንደ ልማዳቸው አፍ ለአፍ ተነካኩ። ሕመሙ ሲጠናበት የገዛ ወገኖቹን ነከሰ። አንዱ ከሳሩ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ሌላው ከምንጩ አጠገብ፤ ግልገሎቹም ተከተሉ።

አንዲት ሴት ቀበሮ ቀረች። ቀን ብቻዋን አድና፣ ሲመሽ ከጉብታው ላይ ትቆማለች። ትጮኻለች። ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች። እንደገና ትጮኻለች። የሚመልስላት የለም።

ሴትዮዋ ከድንጋዩ ላይ ሆና ትሰማታለች። «ዝም በይ ልጄ» ትላታለች። «ዝም በይ። የሉም።»

በዚህ መሐል ከታቢዎቹ ተመልሰው መጡ። ከሸለቆው ማዶ ሌላ የቀበሮ ቤተሰብ ነበርና፣ በሽታው ወደዚያ እንዳይሻገር ፈሩ። ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የውሻው ቁጥር ግን እንደ ሰዉ አልነበረም። ሴትዮዋም መጣች፣ ባዶ እጇን።

ሸዋንግዛው የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ አያት። «እትዬ ዘርፌ፣ ዛሬ የሚወጉት ራስዎ ነዎት?»

ሰው ሳቀ።

«ያኔ መከታ አልጠፋም ነበር» አለች። «ጓዳዬ ነበር፣ አፉን አስሬው። የጉብታው ቀበሮዎች ያለቁት በእኔ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

«የአንተስ ጥቁር ውሻ የት አለ፣ ሸዋንግዛው?»

«እሱማ... ከበጎቹ ጋር ነው።»

«ጓዳህ ነው» አለችው። «ሂድና አምጣው። የማዶዎቹን አንተ እንዳትጨርሳቸው።»

ሸዋንግዛው መሬት መሬት እያየ ሄደ። ጥቁሩን ውሻ ይዞ ሲመለስ፣ ሌሎችም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ታዩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እታለማሁ አጠገቧ ሆነች። «ለእኔ እንኳ ለምን አልነገሩኝም? ጎረቤትዎ አይደለሁም?»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «በደጄ ታልፊያለሽ እንጂ» አለቻት፣ «መቼ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

የማዶዎቹ ቀበሮዎች ተረፉ። ያቺ ብቻዋን የቀረችው ግን አንድ ምሽት ከጉብታው ላይ አልታየችም። ማዶ ተሻግራ ከሌሎቹ ተቀላቅላ ይሆናል፤ ሞታም ይሆናል። ሴትዮዋ አላወቀችም። እኔም ደስ ይበላችሁ ብዬ አልጨምርበትም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እስካሁን በሴትዮዋ ስትፈርዱ ነበር፤ ፊታችሁ ላይ አይቼዋለሁ። ለአንድ ውሻ ብላ፣ አላችሁ። ለመሆኑ ውሻ ብቻ እንዲቀራት ያደረጋት ማነው? ሌሊት ኮቴ ብትሰማ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ» የሚላት ሰው ቢኖር፣ የውሻው ድምፅ መጥፋት ያን ያህል ያስፈራት ነበር? እግዚአብሔር ለእኛ ደጋ ብቻ አደራ የሰጠው ፍጥረት ያለቀው በአንድ መቀነት ነው? ወይስ በደጇ ሰላም እያሉ ባለፉት ሁሉ?

ውሻችሁን አስከትቡ። ይህ ቀላሉ ነው፤ መርፌዋ እንደ ቁንጫ ንክሻ ናት። ከባዱን ልንገራችሁ። የዱር አውሬ እንኳ ቀኑን ለብቻው ውሎ ሲመሽ ወገኑን ይፈልጋል። እናንተስ ማንን ትፈልጋላችሁ? ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ በየደጁ ስታልፉ፣ የትኛው ቤት በሩ ገርበብ እንዳለ ታውቃላችሁ። ማን ውስጥ እንዳለችም ታውቃላችሁ። ሰላምታችሁን ከውጭ ወርውራችሁ አትለፉ። ጎንበስ ብላችሁ ግቡ። የምትናገሩት ቢጠፋችሁ፣ ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።