የአያ ጅቦ ጨው ቤት

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፣ ይሄ የአህዮች ነው።

አያ ጅቦ ጨው ቤት ነበረው። አህዮች አጥንት እየለቀሙ ያመጡለታል፣ እሱ ደግሞ አሞሌ ያስልሳቸዋል። አንድ ቀን የእመት አህዪትን ውርንጭላ በላባት።

አህዮች ተቆጡ። ከወንዙ ማዶ፣ ጅብ በማይደርስበት አፋፍ ተሰልፈው «ጅብ ይውደም!» እያሉ ሲያናፉ አረፈዱ። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው የውርንጭላዋ አባት ነበር። አያ ጅቦ ደጁ ላይ ተጋድሞ ጆሮውን ያካል።

እኩለ ቀን ላይ የሁሉም አፍ ጣዕም አጣ። አዳሜ በሰልፍ እንዳለች ወንዙን ተሻግራ ጨው ቤቱ በር ላይ ተደረደረች።

«አንተ! ወዴት ነው?» አለችው እመት አህዪት ባሏን።

«ድምፄ ተዘጋ እኮ! ነገም መጮህ አለብኝ፤ ትንሽ ልልስ።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምቻለሁ። የጅብ ደንበኛ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም» ብላ ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲያ የምትልሰው መራራውን የገደል አፈር ሆነ።

ስድቡ ያላስነሳው አያ ጅቦ፣ እሷ ስትቀርበት እንቅልፍ አጣ። ጨው ቤቱን ዘግቶ፣ አሞሌ ነክሶ ደጇ ድረስ ሄደ።

«እመት አህዪት፣ ይሄ በነጻ ነው። ምነው ጠፋሽ?»

ከእሾህ አጥሯ ውስጥ እንዳለች ጀርባዋን ሰጠችው።

አፍሮ ሲመለስ አህዮቹ ሰልፍ ወጥተው ጠበቁት። አሁን ማዶ አይደሉም፣ በሩ ላይ ናቸው፤ ባልየው ከፊት ቆሞ ያናፋል።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ዘጋህብን?»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በጅብ ጨው እንዳታብሱ።