ቁራን ያባረሩት ደጋፊዎች

ተረቴ መጥታለች፤ ጆሯችሁ በሩን ይክፈትላት።

አራዊት ጉም በተኛበት መስክ ላይ ቅል እያንከባለሉ ይጫወቱ ነበር። ጉሬዛ የምትሳሳለት አጥቂ ድኩላ፣ ከወንዝ ማዶ የመጣውን በረኛ ኤሊን ሆን ብሎ ረገጠው። ወሬ ነጋሪው ቁራም ያየውን ለማዶ መንደር አደረሰ።

«የቡድናችንን ስም አጠፋ!» ብሎ ከድኩላ ደጋፊዎች አንዱ ከርከሮ በቁራ ላይ ደነፋ።

«የረገጠው እኮ ድኩላ ነው» አለች ጉሬዛ በቀስታ።

የሰማት የለም፤ ደጋፊዎቹ ቁራን አባረሩት።

በሚቀጥለው ጨዋታ ድኩላ ሦስት አገባ። የድሉን ወሬ ለማዶ የሚያደርስ ስለጠፋ፣ ጉሬዛ ራሷ በሐረግ ተንጠላጥላ ወንዙን ተሻገረች።

«አሸነፍን! ድኩላችን ሦስት አገባ!»

ከጉሙ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ኤሊ ድምፅ መጣ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ልጄ። የእኔው በረኛ ግን ገና አልተነሳም።»

ጉሬዛ ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጭ አለች።

ተረቴን እዚህ አኖርኳት፤ ያነሳት ይውሰዳት።