ይቅርታን በር ላይ የመለሰው ዘበኛ

አንዲት ሴት የአባቷን ጆሮ መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ ግራ ገብቷት ታየዋለች። አትደንግጡ ወገኖቼ፤ የሥጋውን ጆሮ አይደለም። ለመስማት የሚረዳቸውን፣ ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠለውን ትንሽ መሣሪያ ነው። ትርሲት ትባላለች፤ መሐንዲስ ናት። መሣሪያውንም የሠራችው ራሷ ናት።

ግራ የገባት ምኑ ነው? መሣሪያው ጤነኛ ነው። ሦስት ጊዜ ፈታችው፣ ሦስት ጊዜ ገጠመችው፤ እንከን የለውም። አባቷ አቶ መንገሻ ግን "ይሄ ማሽንሽ የሁሉን ያሰማኛል፤ የእናትሽን ሲፈልግ ያሰማኛል፣ ሲፈልግ ይውጠዋል" ሲሉ ሰንብተዋል። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ "እኔ ሁሌም እመልስለታለሁ፤ እሱ ነው የናቀኝ" ይላሉ። ማንን ትመን? ሁለቱም ለልጃቸው ዋሽተው አያውቁም።

እስቲ አሠራሩን እንደ ገባኝ ልንገራችሁ፤ የገባኝም በጭንቅ ነው። የመሣሪያው ባትሪ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። ሁልጊዜ ነቅቶ ከዋለ በአራተኛው ቀን ያልቃል። ትርሲት ታዲያ ምን አደረገች? መሣሪያው እንዲተኛ ፈቀደችለትና በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አቆመች። ዘበኛ ያልኩት አንድ ደቃቅ ሰርኪዩት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚቀምሰው በጠብታ ነው። የሰው ድምፅ ሲመጣ መሣሪያውን ይቀሰቅሰዋል፤ ንግግሩ ሲያበቃ ወዲያው መልሶ ያስተኛዋል።

የሰው ድምፅ መሆኑን በምን ያውቃል? ከጉሮሮ በሚወጣው ንዝረት። መጀመሪያ ላይማ ሞኝ ዘበኛ ነበር። ነፋስ ሽው ሲል፣ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ፣ ሰው ሲተነፍስ ሁሉ ቤቱን ይቀሰቅስና ባትሪውን ይጨርሰው ነበር። ትርሲት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትምህርት አስተማረችው፦ ትንፋሽ ነው፣ እለፈው። ትንፋሽ ነው፣ እለፈው። ተማረም። ባትሪው ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት፤ የመጀመሪያውንም ለአባቷ አጠለቀችላቸው።

ታዲያ ምን ነካው?

አቶ መንገሻ አንድ በደል ነበረባቸው። የሚስታቸው ወንድም ሲሞት "ደም ግፊት አለባት" ብለው መርዶውን ደበቁ። ወይዘሮ ዘነበች ወንድማቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ። ይህን ማን ይረሳል? ባልና ሚስት ዓመት ሙሉ አብረው በሉ፣ አብረው ጠጡ፤ ያን ነገር ግን አንድም ቀን ሳያነሡ ኖሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ መንገሻ ሸክሙ ከበዳቸው። ከሚስታቸው ፊት ተንበረከኩ፤ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ወግ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ዘነቡ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር ትይኛለሽ?" አሉ። ጠበቁ። ምንም። "ይቅር ትይኛለሽ?" ደገሙ። ምንም። ቀና ብሎ የሚስትን ፊት ለማየት ድፍረት ከየት ይምጣ? ተነሥተው ልብሳቸውን ሸካከፉና ቢሾፍቱ፣ ወንድማቸው ቤት ገቡ። መሣሪያውንም "ከእንግዲህ ምን ልሰማበት?" ብለው ለልጃቸው መለሱላት።

እንግዲህ ትርሲት መሣሪያውን ይዛ እናቷ ፊት የተቀመጠችው በስምንተኛው ቀን ነው። ዘበኛው መሣሪያውን ሲቀሰቅስ የምትበራ አንዲት ትንሽ መብራት ገጥማበታለች።

"እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው?" አለች፤ መብራቷ በራች።

"ምን ጤና አለኝ ልጄ፣ ሰውዬው ጥሎኝ ሄዶ!" አሉ ወይዘሮ ዘነበች፤ አሁንም በራች። መሣሪያው በደንብ ይሰማቸዋል! ትርሲት ይብሱን ግራ ተጋባች። ያን ጊዜ ነው ፈራ ተባ እያለች፣ "ለመሆኑ አባዬን ይቅር ብለሽዋል?" ያለችው።

ወይዘሮ ዘነበች ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ያቺን ያለ ቃል የምንላትን፣ የእኛን አገር "አዎ" ታውቋት የለ? ይኸው፣ አንዳንዶቻችሁ አሁን ራሱ አላችሁልኝ።

መብራቷ አልበራችም።

"ድገሚልኝ እማዬ።" ደገሙላት። አልበራችም። "ያን ቀንም እንዲህ ነው የመለስሽለት?"

"እንዴት ልመልስለት ታዲያ? ሳግ ተናንቆኝ ቃል ከየት ላምጣ? ሁለቴ ጠየቀኝ፣ ሁለቴ እሺ አልኩት። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ!"

ትንፋሽ ነው፣ እለፈው። ያስተማረችው እሷው ናት።

ቢሾፍቱ በረረች። አፏን አባቷ ጆሮ ላይ ደቅና፣ "አባዬ፣ ይቅር ብላሃለች!" ብላ ጮኸች።

"መቼ?" አሉ አቶ መንገሻ።

"ያኔውኑ! ገና ተንበርክከህ ሳለህ!"

ሽማግሌው "እና እኔ ከቤቴ የወጣሁት ይቅር ከተባልኩ በኋላ ነው?" አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ይቅር ከተባለ በኋላ ከቤቱ የወጣ ስንት ሰው አለ? "ጸለይኩ፣ መልስ የለም" ትሉኛላችሁ። "ማርልኝ አልኩት፣ ዝም አለኝ" ትሉኛላችሁ። በልባችሁ በር ላይ ዘበኛ በማቆማችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አቁሜአለሁ። ስንቱ ነፋስ በከንቱ ቀስቅሶ አድክሞናል! ግን ስንጠብቀው የኖርነው ምሕረት ቃል አጥሮት ቢመጣስ? አኩርፋችሁ ስታመሹ ራታችሁን ከድና የምታቆይላችሁ ሚስት ምን እያለቻችሁ ነው? ለቅሶ ቤት ስትገቡ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀላችሁ ያ የተጣላችሁት ወንድም፣ ሌላ ምን እንዲላችሁ ትፈልጋላችሁ?

ዝምታ ሁሉ እሺታ ነው አልላችሁም። አንዳንዱ ዝምታ ዝምታ ነው፤ እኔም ግራ ይገባኛል። ብቻ ፊቱን ሳታዩ በሰው ላይ አትፍረዱ። በእግዚአብሔርም ላይ አትፍረዱ። በራሳችሁ ላይ የስደት ፍርድ የፈረዳችሁት እናንተው ናችሁ፤ እሱ አይደለም።

ይቅር የተባለ ሰው በሰው ቤት ምን ይሠራል? ቤታችሁ ግቡ።